ለሚካኤል የተሳልኩት ጉልበት

ሰኞ፣ መጋቢት 1

አልታጠፍም አለኝ። ጾም የተያዘበት ዕለት ነው ብዬ ማልጄ ተነሣሁ። ከአልጋዬ ወርጄ ልንበረከክ ስል ቀኝ ጉልበቴ ቀጭ አለና መንገድ ላይ ቀረ። ወደ ታችም አይሄድ፣ ወደ ላይም አይመለስ። የአልጋውን ቋሚ ይዤ ተጎትቼ ተነሣሁ። ቆሜ ጸለይኩ። ቆሜም አለቀስኩ፣ እውነቱን ልጻፍ ካልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓምና በስቅለት ዕለት፣ ቦሌ ሚካኤል፣ ገና በሦስት ሰዓቱ ጸሎት ላይ ሰግጄ ግንባሬን መሬት አስነካሁና መነሣት አቃተኝ። ሁለት ሰዎች ብብቴን ይዘው እንደ ጤፍ ጆንያ አነሡኝ። ሰው ሁሉ እያየ! ቀኑን ሙሉ ግድግዳ ተደግፌ ተቀመጥኩ። ያኔ ልጄ ደረጀ ግንባር ነበር፤ ደብዳቤው ከቆመ አምስት ወሩ። እዚያው በተቀመጥኩበት በእልህ ተሳልኩ፦ «ሚካኤል ሆይ፣ ልጄን በሕይወቱ መልስልኝ እንጂ የሚመጣውን ስቅለት በደጅህ ከጠዋት እስከ ማታ እሰግዳለሁ። አንድ ሳላጎድል። ማንም ሳይደግፈኝ።»

ደሬ በጥምቀት ማግስት መጣ። በግራ እግሩ እያነከሰ፣ ከስቶ፣ ጠቁሮ፣ ግን በሕይወቱ። ሚካኤል የድርሻውን አድርጓል። ተራው የኔ ነው።

የቀረኝ ጊዜ፦ ስምንት ሳምንት የማይሞላ። ያለኝ፦ ሁለት የማይታጠፍ ጉልበት፣ በስፌት መኪና ፊት ሃያ ሁለት ዓመት የጎበጠ ጀርባ፣ አምሳ ሦስት ዓመት ዕድሜ።

ለማንም አልተናገርኩም። ለደሬማ ጭራሽ። ለዚህ ደብተር ብቻ ነው። የመሠረተ ትምህርት አስተማሪዬ «በየጊዜው ካልጻፉ ፊደሉ ይጠፋብዎታል» ብሎኝ ነበር። ይኸው እየጻፍኩ ነው።

ረቡዕ፣ መጋቢት 3

ከምሠራበት የልብስ ሰፊዎች ማኅበር አስፈቅጄ ደሬን ሆስፒታል አደረስኩት። እግሩን የምታሠራው ሲስተር ልጅ እግር ናት፣ ክንዷ ግን የወንድ ነው። እሱን ስታሽ ስታጣጥፍ ቆይታ፣ እኔ ልነሣ ስል ጭኔን ተመርኩዤ «እህህ» ማለቴን ሰማች።

«እናቴ፣ እርስዎም እስቲ እዚህ ይተኙ።»

ኧረ እኔ ደህና ነኝ ብል ማን ሰምቶኝ። ጉልበቴን ጨመቀች፣ አጠፈች፣ ዘረጋች። አጥንቱ ትንሽ አርጅቷል፣ የባሰው ግን ሥጋው ነው አለችኝ፤ ከዳሌ እስከ ባት ተኮማትሯል። ሥራዬን ጠየቀችኝ። ልብስ ሰፊ ነኝ አልኩ። ሲያመኝ ምን እንደማደርግ ጠየቀችኝ። «አርፋለሁ፣ ምን አደርጋለሁ» አልኳት።

«እረፍቱ እኮ ነው ያሠረዎት» ብላ ሣቀች።

ምን ዓይነት ነገር ነው! ስንት ዓመት ሙሉ «እግርሽን አሳርፊው» ሲሉኝ ኖረው።

ከቀጠሮ ካርዱ ጀርባ ላይ እንደ ክብሪት እንጨት የቀጠኑ ሰዎች ሣለችልኝ። መጀመሪያ በሙቅ ውኃ የተነከረ ጨርቅ። ከዚያ፦

አንድ። ተኝቶ፣ ከጉልበት ሥር የተጠቀለለ ጋቢ አድርጎ ቁልቁል መጫን። እስከ አምስት መቁጠር።
ሁለት። ተኝቶ፣ መቀነትን በውስጥ እግር አዙሮ፣ እግርን ቀጥ እንዳለ ወደ ላይ መሳብ።
ሦስት። አንድ እግር ወደ ኋላ፣ ተረከዝ ሳይነሣ፣ ግድግዳ መግፋት። ይኼ ለባት ነው።
አራት። ከወንበር ያለ እጅ መነሣትና መቀመጥ።

«ሲስብዎት ጥሩ ነው፤ ሲወጋዎት ያቁሙ።» ይህችን ቃል እንደ ውዳሴ ማርያም ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ።

ስለ ስግደቱ ልጠይቃት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ደሬ አጠገቤ ስለነበር ዋጥኩት።

ዓርብ፣ መጋቢት 5

መቀነቴን እግሬ ላይ አዙሬ ስስብ ከጭኔ ኋላ ያለው ጅማት ክር ሆኖ ተወጠረ። እንዲህ ዓይነት ጅማት እንዳለኝም አላውቅም ነበር። ደሬ በሩን ከፈተና አየኝ።

«እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው?»

«እየጸለይኩ ነው» አልኩት፤ ሌላ ነገር አልመጣልኝም።

«እግርሽን ሰቅለሽ?»

ሣቀ። ከመጣ ጀምሮ ሲስቅ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው። ይሣቅብኝ! እኔም ሣቅኩ። እሱ ግን የራሱን ካርድ አንድ ቀን እንኳ አውጥቶ አያውቅም፤ ቀኑን ሙሉ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ መሬት በዱላው ይጭራል።

ከወንበር ያለ እጅ፦ ሦስት ጊዜ። አራተኛው ላይ እጄ ሳላዝዘው ጠረጴዛውን ያዘ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 10

ስምንት ጊዜ! ያለ እጅ! ጠዋት ጫማዬን ሳስር እግሬን ወደኔ አመጣሁት፤ ድሮ እኔ ነበርኩ ወደሱ የምወርደው። እሰይ አስካለ።

ዓርብ፣ መጋቢት 12

ምን ዓይነት ጅል ነኝ!

የወሩ ሚካኤል ነው። ከሥራ በፊት ልሳለም ሄድኩ። ልቤ አብጧል፤ ትናንት ከወንበሩ አሥር ሞልቻለሁ። ሴቶቹ ሲሰግዱ አየሁና ግንቡን በእጄ ይዤ አንዷን ሞከርኩ። ታጠፈልኝ! ሁለተኛ። ሦስተኛ። ከዚያ ወዲያ ማን ያቁመኝ? ሃያ ላይ ሳበኝ። ሠላሳ ላይ ወጋኝ። የሲስተሯ ቃል ትዝ አለኝ። እኔ ግን «እሷ የተናገረችው ስለ ስፖርት ነው፤ በቤተ ክርስቲያን የሚወጋ ነገር በረከት ነው» ብዬ ጥርሴን ነክሼ ቀጠልኩ። ባመመኝ ቁጥር የበለጠ የተቆጠረልኝ መሰለኝ። ስድሳ አራት ሰገድኩ።

እስከ ቀትር የስፌት መኪናዬን እየረገጥኩ ደህና ነበርኩ። በዘጠኝ ሰዓት ከወንበሬ መነሣት አቃተኝ። የማኅበሩ ዘበኛ ደግፎ ቤቴ አደረሰኝ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላሉ። አፍስሻለሁ፤ መልቀሙ ገና ነው።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 13

ጉልበቴ ድፎ ዳቦ አክሏል። ወጌሻ አስጠራሁ። ከመገናኛ በላይ የታወቀ ነው ያሉኝን። መጣ፣ ዘይት አምጡ አለ። ከቀበሌ ሱቅ ተሰልፌ ያመጣሁት የወሩ ዘይት ነው እንግዲህ። ግማሹን እጁ ላይ አፈሰሰና በሁለት አውራ ጣቱ እብጠቱ መሐል ገባ። ጮኽኩ። ጩኸቴ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ሳይሰማ አልቀረም።

ጎረቤቴ እትዬ ዘይነባ ደረሱ። ግድግዳችን አንድ ነው፤ የኔ ማሳል እንኳ ይሰማቸዋል። ወሎዬ ናቸው፣ ሾላ ገበያ በርበሬና ቅመም ይሸጣሉ፣ ቁጣቸውም ከበርበሬያቸው ነው የሚመዘዘው። ወጌሻውን ከነዘይቱ አስወጡት። «ሰው ለወጥ ጠብታ አጥቷል፣ አንተ ያበጠ ጉልበት ታለፋለህ!»

ከዚያ ወደኔ ዞሩ። ተናዘዝኩ፣ ምን ላድርግ። ስለቱን፣ ዓምና መነሣት ያቃተኝን፣ ስድሳ አራቱን፣ ሁሉንም።

«ከዚያ በፊት መቼ ሰግደሽ ነበር?» አሉኝ።

«ዓምና።»

«ላኢላሃ ኢለላህ! እኔ ይኼው ስልሳ ሦስት ዓመቴ ነው። በቀን አምስት ጊዜ እወድቃለሁ፣ እነሣለሁ። ጉልበቴ አንድ ቀን አኩርፎኝ አያውቅም። ጉልበት እንግዳ ነው እንዴ በዓመት አንዴ የሚጠራው?»

አፈርኩ። እውነት ነው። ሌላው ሰው ጾሙን ሙሉ ማታ ጠዋት ይሰግዳል። እኔ ሥራ እያልኩ፣ ሲያመኝ ደግሞ እረፍት እያልኩ፣ ዓመቱን አሳልፌ በአንድ ቀን ልከፍለው ተነሣሁ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 16

ደሬ ለራሱ ቀጠሮ ሄዶ ሳልጠይቀው ሲስተሯን ጠይቆልኝ መጣ። ቀዝቃዛ ጨርቅ፣ እብጠቱ እስኪወርድ። ከዚያ እንደ አዲስ ከቁጥር አንድ። «እናትህ ምን ብትሸከም ነው እንዲህ የሆነችው?» አለችው አሉ። እሱም አያውቅ። እኔም ምንም አልተነፈስኩ።

እብጠቱ ቀንሷል። ቁጭቴ ግን እንዳበጠ ነው። አምስት ሳምንት ተኩል ቀረኝ፣ ያለሁትም መነሻዬ ላይ።

እትዬ ዘይነባ ማታ መጡና «አብሽሪ» አሉኝ። «ሱብሂ ሰግጄ ስጨርስ ግድግዳውን ሦስት ጊዜ አንኳኳለሁ። ሳትወጪ ብትቀሪ ወላሂ በሩን እሰብረዋለሁ።»

ሐሙስ፣ መጋቢት 18

ተንኳኳ። ጎህ እንኳ ደህና አልቀደደም። ግቢ ውስጥ ከሾላ ያመጡትን ንጹሕ ጆንያ አንጥፈው ይጠብቁኛል። የበርበሬ ሽታ አለው፤ አነጠሰኝ።

ቁጥር አንድና ሁለትን ሠራሁ፣ እሳቸውም አብረውኝ። ሰውነታቸው ከኔ ይከብዳል። ሲቀመጡ ግን እግራቸውን ሥራቸው አጥፈው እንደ ልጅ ዘጭ ነው። ቀናሁባቸው። በጾም ምቀኝነት፣ ይኼም ለንስሐ አባቴ የሚነገር ነው።

የጆንያው ላይ ሕግ፦ ሲስብ እሰይ። ሲወጋ ስቶፕ። የሚወጋው በረከት ነው ያለች ሴት ወደ ቤቷ ትባረራለች። ሕጉ የእትዬ ዘይነባ ነው።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 23

ዛሬ ማኅበሩ ውስጥ ጉድ ሆነ። ለሚያዝያው የሠራተኞች ቀን ሰልፍ ቀይ ጨርቅ ስንሰፋ ነው የከረምነው። አንገታችን ቀንበር የተጫነበት ነው የሚመስለው። በአራት ሰዓት ላይ ተነሥቼ ግድግዳ መግፋት ጀመርኩ። ትከሻዬን አዞርኩ፣ አንገቴን ወደ ጎን ሳብኩ። አጠገቤ ያለችው ተከተለችኝ። ከዚያ ሌላዋ። ሊቀመንበራችን ጓድ አልማዝ ስትገባ ዘጠኝ ሴት ግድግዳ ይገፋል።

«ምንድነው ይሄ? አድማ ነው?»

ደሜ ደረቀ። በዚህ ዘመን ይህ ቃል ቀልድ አይደለም። ምላሴ ግን አልከዳኝም። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ምርት ለማሳደግ የሰውነት ማጎልመሻ ነው። ጀርባው የታመመ ሠራተኛ ስንት ባንዲራ ይሰፋል?»

ትንሽ አሰበች። ከዚያ ደብተሯን አውጥታ ጻፈችው። ለበላይ ሪፖርት ልታደርገው ነው። ከነገ ጀምሮ በአራትና በዘጠኝ ሰዓት አሥር አሥር ደቂቃ፣ በመመሪያ! ስትወጣ ግን በሩ ጋ ቆማ አንገቷን ወደ ጎን ስባ «እፎይ» ስትል ሰማናት።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 2

የመቀመጫዎቼ መሰላል፦ አልጋ፣ ወንበር፣ በርጩማ፣ የታጠፈ ፍራሽ፣ መሬት። ዛሬ ከበርጩማው ያለ እጅ አሥራ ሁለት ጊዜ ተነሣሁ። ጉልበቴ ቀጭ ቀጭ ይላል፤ ይበል፣ አይወጋም። እትዬ ዘይነባ እልል አሉ። በዐቢይ ጾም እልልታ፣ ያውም ከእስላም ቤት፣ ሰፈሩ ምን እንደገመተ እንጃ።

ደረጃ ስወርድ ወደ ጎን መውረድ ትቻለሁ። መቼ እንደተውኩት እንኳ አላወቅኩም።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 8

ከፍራሽ ስድስት ጊዜ። ከመሬት ግን ዜሮ። መውረዱን እወርዳለሁ፣ ግንባሬም ይነካል፣ መነሣቱ ላይ እጄ የሚይዘው ይፈልጋል። ሁለት ሳምንት ከሁለት ቀን ቀረኝ።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 10

የንስሐ አባቴ አባ ተክሌ ቤት መጡ። ነገርኳቸው። አዘኑልኝ። «ልጄ፣ እግዚአብሔር ጉልበትሽን አይቶ ነው የሚቀበልሽ። ስለቱን በጧፍ እንለውጠው፣ ወይ ለቤተ ክርስቲያኑ መጋረጃ ስፊ።»

ሰው ክብሩን በጧፍ ይለውጣል? ደግሞ መጋረጃ መስፋት ለኔ ምን ድካም ነው? «አባቴ፣ የተሳልኩት የማይቻለኝን ነው። የሚቻለኝን ብሰጠው ምኑን ሰጠሁት?» አልኳቸው። እስኪ ይሁን ብለው ባርከውኝ ሄዱ።

ደሬ ደጃፍ ላይ ነበር። ሁሉን ሰምቷል። እንዲህ ተቆጥቶ አይቼው አላውቅም።

«ማን ጠየቀሽ? ለኔ ብለሽ ልትሰባበሪ?»

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የተስፋዬ እናትም ተስላ ነበር» አለ። ተስፋዬ አንድ ምሽግ ውስጥ አብሮት የነበረው ልጅ ነው፤ ከጎኑ ነው የወደቀው። «በየደብዳቤዋ ትጽፍለት ነበር፣ እያነበበ ይሥቅ ነበር። የሷን ለምን አልሰማትም?»

እንጀራውን አቀረብኩለት፣ አልበላም። እኔም አልበላሁ። ልጄ መመለሱን እያመሰገንኩ ያንዷ ልጅ አለመመለሱን አንድም ቀን አስቤው አላውቅም። አፍሬያለሁ።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 11

ግድግዳው ተንኳኳ። ወጣሁ። ደሬ ከእትዬ ዘይነባ ቀድሞ ጆንያው አጠገብ ቆሟል። አላናገረኝም። ስሰግድ አየኝ፣ ልነሣ ስል መንገድ ላይ ስቀርም አየኝ።

«አነሣስሽ ነው የተበላሸው» አለ። «በሁለት ጉልበት እኩል ልትነሺ ትሞክሪያለሽ። ሥልጠና ላይ ከነጓዛችን ከመሬት ስንነሣ እንዲህ አልነበረም።» ዱላውን ጣለና ራሱ ተንበረከከ። በዚያ እግሩ! አንዱን እግር ወደ ፊት ሙሉ ለሙሉ መትከል። ክብደትን ወደሱ ማምጣት። ከዚያ ተረከዙን መሬት ውስጥ እንደሚቀብሩት መግፋት።

አደረግኩት። ተነሣሁ። ያለ እጅ፣ ያለ ግድግዳ፣ ያለ አልጋ ቋሚ!

ጮኽኩ። እትዬ ዘይነባ ጮኹ። ደሬ አልጮኸም፤ «ድገሚው» አለ፣ እንደ አሥር አለቃ። ደገምኩት። እሱም ከተንበረከከበት ሲነሣ እግሩ ተንቀጠቀጠ። «ካርድህን አምጣው፣ አብረን እንሥራ» አልኩት። አመጣው።

ሊገባ ሲል ዞር ብሎ «ከሰገድሽ አይቀር፣ አንዷን ለተስፋዬ» አለኝ።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 15

ሰኞ አሥራ ሁለት። ማክሰኞ ሃያ። ዛሬ ሠላሳ፣ በሁለት ተከፍሎ፣ በመሐል መቀነት። አንዲትም ውጋት የለም። ለማንም የማይነገር ትዕቢት ይዞኛል፤ ውኃ ልቅዳ ብዬ ስጎነበስ እንኳ ሰው ባየኝ እያልኩ ነው።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 20

ሕማማት ገባ። ከሥራ በፊት ሚካኤል ሄጄ አርባ አንዱን ኪርያላይሶን ከሕዝቡ ጋር ሰገድኩ። ወጥቼ ሄድኩ። በእግሬ። ማንም አልያዘኝ።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 22

ይኼ ደግሞ ከየት መጣ! የሠራተኞች ቀን ነገ ነው፣ ጸሎተ ሐሙስ ላይ። መቅረት አይቻልም። ጓድ አልማዝ ስም ስታነብ የማኅበሩን መፈክር ጨርቅ አንዱን ጫፍ የሚይዘው ማን ሆነ? እኔ። ምክንያቱ ደግሞ «ጤንነቷን በስፖርት ያሻሻለች አርአያ ሠራተኛ» ስለሆንኩ። ሞያዬ ጉድ አደረገኝ።

ከቦሌ ሚካኤል አብዮት አደባባይ በእግር፣ እዚያ ስንት ሰዓት መቆም፣ ከዚያ በእግር መመለስ። በማግስቱ ስቅለት። ስምንት ሳምንት ያጠራቀምኩትን በአንድ ቀን ልጨርሰው ነው። ፈርቻለሁ።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 23

ተመለስኩ። እግሬ አለ። ልጻፈውና ልተኛ።

ስድስት ሰዓት ሙሉ ቆምን። ፀሐይ፣ ንግግር፣ ጭብጨባ፣ ንግግር። አንደኛው ሰዓት ላይ ጉልበቴ ሲደርቅ ተሰማኝ። መቆም ብቻውን አይሆንም፣ እረፍቱ ነው የሚያሥረኝ ብዬ ባለሁበት ተረከዜን ማንሣትና ማውረድ ጀመርኩ። ጭኔን አጠብቃለሁ፣ እለቃለሁ። ክብደቴን ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ። ጨርቁ ከነጽሑፉ አብሮኝ ይወዛወዛል። ጓድ አልማዝ «አስካለ፣ ምን ሆነሻል?» ብላ አፈጠጠች። «ስሜቱ ይዞኝ ነው ጓድ» አልኳት። ከኋላዬ ያሉት ሣቃቸውን ሲያፍኑ ይሰማኛል፤ ትንሽ ቆይቶ ረድፋችን በሙሉ ተረከዙን ያነሣል፣ ያወርዳል። ከመድረኩ ላይ ሆኖ ላየን ሰው እንደ ልዩ ትርኢት ሳንታይ አልቀረንም።

ቤት ስደርስ ደሬ ሙቅ ውኃ በሳፋ አዘጋጅቷል። ጉልባኑን እትዬ ዘይነባ እሳት ላይ ጠብቀውልኝ ነበር። ከስንዴውና ከባቄላው እየዘገንን ሦስታችን በላን። መቀነቴን አውጥቼ ሃያ ደቂቃ ሳብኩ።

ይስባል። አይወጋም። ነገ ነው።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 25

ትናንት እጄ ብዕር መያዝ አልቻለም። እጄ! ጉልበቴን ሳይሆን እጄን ነው የደከመኝ፣ ስወርድ መሬት ላይ ሲቀበለኝ ውሎ።

ከመጀመሪያው ልጀምር። ደሬ ዱላውን በአንድ እጁ፣ በርጩማውን በሌላው ይዞ ተከተለኝ። «ካቃተሽ ትቀመጪበታለሽ፣ ክርክር የለም።» ኪሱን በሽምብራ ሞልቷል፤ በሰገድኩ ቁጥር አንዷን ወደ ሌላው ኪሱ ያዛውራል። ዓምና መነሣት ያቃተኝን ቦታ ፈልጌ እዚያው ላይ ቆምኩ። ሆን ብዬ።

ጠዋት አለፈ። ሦስት ሰዓት አለፈ። ዓምና የቀረሁበት ጸሎት! አለፍኩት! አንዱን እግር ወደ ፊት፣ ተረከዝ፣ መግፋት። በየመሐሉ ሲነበብ ቆሜ አልደረቅኩም፤ ተረከዝ ማንሣት፣ ጭን ማጥበቅ። ስድስት ሰዓት አለፈ። አንዲት ሴት ፊቷን እስከ ዓይኗ በነጠላ ሸፍና ከጎኔ ትሰግዳለች፤ ጸሎቱ ጋብ ሲል አንገቷን ወደ ጎን ስባ «እፎይ» አለች። አወቅኳት። በማኅበራችን መመሪያ መሠረት ነው የሳበችው። እኔ አላየኋትም፣ እሷም አላየችኝም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ባቴ ተሸመቀቀ። እንዲህ ያለ ሕመም! ዓይኔ ጨለመ። ደሬ በርጩማውን ወደፊት ገፋ። በእጄ መለስኩትና ሄጄ የቤተ ክርስቲያኑን ቅጥር ገፋሁ፣ አንድ እግር ወደ ኋላ፣ ተረከዝ መሬት ላይ። አንዲት እናት «አይዞሽ ልጄ፣ አይወድቅም፣ ድንጋይ ነው» አሉኝ። ሣቄ ሊያመልጠኝ! በስቅለት! እስከ ሠላሳ ቆጠርኩ፣ ባቴ ለቀቀ፣ ተመለስኩ።

አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ። የመጨረሻውን ሰገድኩ፣ ተነሣሁ። ማንም አልያዘኝም። ጨረስኩ። ስለቴን ጨረስኩ! እንባዬ ወረደ፣ አልጠረግኩትም።

ከዚያ እንደ ወጉ ቄሶቹ ወይራ ይዘው ቆሙ። ተራ በተራ ስንቀርብ ጀርባችንን በቅጠሉ መታ መታ እያደረጉ ለየኃጢአታችን የሚሰገድ ቁጥር ያዛሉ። የኔ ተራ ደረሰ፤ አባ ተክሌ ነበሩ። ቀኑን ሙሉ አይተውኛል። ወይራውን በቀስታ ጣል አደረጉብኝና «አንቺ በቅቶሻል ልጄ፣ ግቢ ወደ ቤትሽ» አሉኝ።

«አልበቃኝም፣ ይዘዙልኝ።»

«ስለትሽን አድርሰሻል እኮ።»

«የራሴን ነው ያደረስኩት። የሰው ልጅ አለብኝ፤ እናቱ ተስላ ያልመጣላት።»

አባ ተክሌ ስሙን ጠየቁኝ። ተስፋዬ አልኩ። «አርባ አንድ» አሉ።

ደሬ በዚህ ጊዜ በርጩማው ላይ ራሱ ተቀምጦ ነበር፤ እግሩ አልቻለለትም። አርባ አንድ የሚለውን ሲሰማ ተነሣ። ሽምብራውን ትቶ በአፉ ይቆጥርልኝ ጀመር፣ ጮክ ብሎ። አንድ። ሁለት። ሃያ ላይ ድምፁ ተሰበረ፣ አላቆመም። አርባ ላይ ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር። አርባ አንድ ሲል ግንባሬ መሬት ላይ ነበር፤ ሁለት ሰዎች ብብቴን ሊይዙ ጎንበስ ሲሉ «ተዉአት፣ ትነሣለች» አላቸው።

አንዱን እግር ወደ ፊት ተከልኩ። ተነሣሁ።

ዛሬ ቀዳም ስዑር ነው። ሌሊቱን እንደ ድንጋይ ተኛሁ። ስለቱ አልቋል፣ ነገ ፋሲካ ነው፣ ከነገ ጀምሮ ደግሞ ሃምሳ ቀን ስግደት የለም፤ እንግዲህ ልተኛ ብዬ ጋቢዬን እስከ አናቴ ስቤ ነበር። ግድግዳው ሦስት ጊዜ ተንኳኳ።

«እትዬ፣ ስግደቱ እኮ አለቀ!» አልኩ ከአልጋዬ።

«ስግደቱ ይለቅ፣ ጉልበቱ መቼ አለቀ?» አሉ ከወዲያ። «ልጅሽ ጆንያውን አንጥፎ እየጠበቀሽ ነው።»

ሰውነቴ ሁሉ ይጎትተኛል። ግን እየሳበ ነው እንጂ አይወጋም። ልውጣ።